ትእዛዝና ድምፅ፤ ሲንተሳይዘርን ከኮምፒዩተር ጋር ስለ ማገናኘት

ዕቃን ገዝቶ ወደ ቤት ማስገባት ቀላል ነገር ነው፤ የዕቃውን ጠባይ ዐውቆ ሙሉ ጥቅሙን ማግኘት ግን ትምህርትና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ይህንን አሳብ ደጋግመን ገልጸናል። ዛሬም የምናነሣው በብዙ ቤት ገብቶ ሳለ ግማሽ ጥቅሙ ሳይታወቅ ስለሚቀር ስለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ይኸውም ሲንተሳይዘር የሚባለው፥ በአገራችን ግን አብዛኛው ሰው ኪቦርድ ወይም ኦርጋን ብሎ የሚጠራው ነው። ልጆች ይለማመዱበታል፤ ወጣቶችም ለሠርግና ለልደት ዜማ ያወጡበታል። በዚያው ቤት፥ ምናልባትም በዚያው ጠረጴዛ ላይ፥ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ሁለቱ ግን እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ሳይነጋገሩ ይኖራሉ፤ በመሣሪያው የተጫወቱት ዜማ ሁሉ በዚያችው ቀን እንደ ጉም ተኖ ይቀራል።

አንዳንዱ ወጣት ይህን ለማቅናት ሲል አንድ ገመድ ገዝቶ መሣሪያውን ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኛል። ቁልፎቹን ሲነካ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ምልክት ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ድምፅ ግን አይቀዳለትም። ወይም የቀዳውን መልሶ ሲያሰማ፥ መርጦ የተጫወተበት ያማረ የዋሽንት ድምፅ ቀርቶ ደረቅ የፒያኖ ድምፅ ይመጣበታል። ከዚህ በኋላ በቤት ውስጥ ክርክር ይነሣል፤ አባት ገንዘቤ ባከነ ይላል፥ ልጅ ነጋዴው አታለለኝ ይላል፥ ደኅናውም ዕቃ ተበላሽቷል ተብሎ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። የዚህ ሁሉ ሥሩ አንድ ነገር ነው፤ ከሲንተሳይዘሩ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄዱት መንገዶች ሁለት መሆናቸውን አለማወቅ ነው። አንደኛው የትእዛዝ መንገድ ነው፤ ሁለተኛውም የድምፅ መንገድ ነው። ይህን የለየ ሰው ሥራው ይቃናለታል፤ ይህን ያልለየ ግን መቶ ገመድ ቢገዛ አይጠቅመውም።

አስቀድመን ስለ ትእዛዙ መንገድ አመጣጥ ጥቂት እንናገር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። አሜሪካዊው ሮበርት ሞግ በኤሌክትሪክ ኀይል ድምፅ የሚፈጥረውን መሣሪያውን በ1964 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለባለሙያዎች አሳየ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ሚኒሞግ የተባለውን ትንሹንና ለመያዝ የሚመቸውን አወጣ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካና በጃፓን አያሌ ፋብሪካዎች ሲንተሳይዘር ሠሩ። ነገር ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ዘዴ ስለ ተከተለ፥ እንደ ባቢሎን ግንብ ሠራተኞች የአንዱ መሣሪያ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም ነበር።

ይህን ችግር ለማስወገድ ሴኩዌንሺያል ሰርኪትስ የሚባለውን የአሜሪካ ፋብሪካ የመሠረተው ዴቭ ስሚዝና ሮላንድ የሚባለውን የጃፓን ፋብሪካ የመሠረተው ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ1981 ዓ.ም. አሳብ አቀረቡ፤ ያማሃ፥ ኮርግና ካዋይ የሚባሉትም የጃፓን ፋብሪካዎች በምክሩ ገቡ። በ1983 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር፥ በካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ በተደረገው የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ፥ የስሚዝ ፕሮፌት 600 ከሮላንድ ጁፒተር 6 ጋር በገመድ ተገናኘ፤ በአንዱ ሲጫወቱ ሌላው መለሰ። ይህ የጋራ ቋንቋ ሚዲ ይባላል። በገበያ የሚፎካከሩ ነጋዴዎች ለአንድ ቋንቋ መስማማታቸው፥ ለቋንቋውም ኪራይ ሳይጠይቁ ለሁሉ መፍቀዳቸው የሚደነቅ ነገር ነው። ስለዚህም ሁለቱ ሰዎች በ2013 ዓ.ም. የግራሚን የቴክኒክ ሽልማት ተቀበሉ። ካኬሃሺ በ2017 ዓ.ም.፥ ስሚዝም በ2022 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ቋንቋቸው ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። በ2020 ዓ.ም. ሚዲ 2.0 የሚባለው አዲስ ሕግ በጸደቀ ጊዜ ስንኳ ከፊተኛው ጋር እንዲስማማ ሆኖ ተሠራ። ከ40 ዓመት በፊት የተሠራ ሚዲ ያለው ሲንተሳይዘር ከዛሬው ኮምፒዩተር ጋር መነጋገር የሚችለው ስለዚህ ነው።

አሁን ልብ ማለት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ሚዲ ድምፅን አይሸከምም፤ የሚሸከመው ትእዛዝን ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው በድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፈውን ምልክት ያስብ። ድፋት፥ ጭረት፥ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች ዜማው እንዴት እንዲሄድ ለዐዋቂው ይነግሩታል እንጂ ራሳቸው አያዜሙም፤ ዜማው የሚወጣው ከመሪጌታው ጉሮሮ ነው። ሚዲም እንዲሁ ነው። አንድ ቁልፍ በተነካ ጊዜ ሲንተሳይዘሩ ሦስት ክፍል ያለው አጭር መልእክት ይልካል። የመጀመሪያው ክፍል ቁልፍ መነካቱንና በየትኛው መሥመር እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው ከ0 እስከ 127 ካሉት ቍጥሮች የቁልፉን ቍጥር ይናገራል፥ መካከለኛው ዶ 60 ነው፤ ሦስተኛው ቁልፉ በምን ያህል ኀይል እንደ ተነካ ከ1 እስከ 127 ባለው ልክ ይናገራል። ጣት ሲነሣም እንዲሁ ሌላ መልእክት ይሄዳል። በአንድ ገመድ 16 መሥመሮች ስላሉ ለ16 ልዩ ልዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይቻላል። በጥንቱ ገመድ ስንኳ አንድ መልእክት የሚፈጀው የሰከንድ አንድ ሺኛ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ሲንቀሳቀስ የታየው ምልክት ይህ ትእዛዝ ነው፤ ድምፅ ያልተቀዳውም ድምፅ ስላልተላከ ነው።

ትእዛዙን ለማሻገር ሁለት ዓይነት ገመድ አለ። አብዛኛው አዲስ ሲንተሳይዘር በጀርባው የዩኤስቢ መሰኪያ አለው፤ መሰኪያው አራት ማዕዘን የሆነ እንደ ሆነ ለፕሪንተር የሚያገለግለው ዓይነት ገመድ ይበቃዋል። ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራ ገመድ ግን ኤሌክትሪክን እንጂ መልእክትን አያሳልፍምና ይህን መለየት ያስፈልጋል። አሮጌው ሲንተሳይዘር ደግሞ አምስት ቀዳዳ ያለበት ክብ መሰኪያ አለው፤ ለእርሱ ሚዲን ወደ ዩኤስቢ የሚለውጥ አገናኝ ይገዛለታል። በዚህ መሰኪያ አጠገብ ኢን፥ አውት፥ ትሩ የሚል ጽሕፈት ይገኛል፤ ትርጓሜውም ገቢ፥ ወጪና አሳላፊ ማለት ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ የአንዱ ወጪ ወደ ሌላው ገቢ ይሄዳል። ወጪን ከወጪ ጋር ያገናኘ ሰው ሁለት ተናጋሪዎችን ያለ ሰሚ እንዳስቀመጠ ነው። በአንዳንዱ አገናኝ ላይ ያለው ጽሕፈት ግን ከኮምፒዩተሩ ወገን ሆኖ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ መልእክት አልደርስ ቢል ሁለቱን መሰኪያዎች አለዋውጦ መሞከር ነው፤ በመለዋወጥ የሚበላሽ ነገር የለም። የዚህም ገመድ ርዝመት ከ15 ሜትር እንዳይበልጥ ይሁን። ከተገናኘ በኋላ በመቅጃው ፕሮግራም ውስጥ የመሣሪያውን ስም ገቢ ከሚለው ዝርዝር መምረጥ ይገባል፤ ስሙ ካልታየ ፋብሪካው ለዚያ መሣሪያ ያዘጋጀውን ድራይቨር ከራሱ ከፋብሪካው ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ነው።

ሁለተኛው የድምፁ መንገድ ነው። በሲንተሳይዘሩ ጀርባ ግራና ቀኝን የሚያመለክቱ ሁለት መውጫዎች አሉ፤ በብዙው መሣሪያ 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሰኪያ ይገባባቸዋል። ከነዚህ ሁለት ገመዶች አውጥቶ በድምፅ ካርድ ላይ ላይን በሚባለው መግቢያ መሰካት ይገባል። የድምፅ ካርድ ማለት ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቍጥር ለውጦ ለኮምፒዩተሩ የሚያቀብል ትንሽ ሳጥን ነው። ለማይክሮፎን በተሠራው መግቢያ ግን ሲንተሳይዘርን መሰካት ደግ አይደለም፤ የማይክሮፎን ኀይል ደካማ ስለ ሆነ ያ መግቢያ የሚመጣለትን እጅግ ያጎላል፥ የሲንተሳይዘሩም ድምፅ ከልክ አልፎ ይሰነጠቃል። አንዳንድ አዲስ ሲንተሳይዘር ትእዛዙንም ድምፁንም በዚያው በአንዱ የዩኤስቢ ገመድ አንድነት ይልካል፤ እንዲህ ያለውን የያዘ ሰው የመሣሪያውን መምሪያ መጽሐፍ አንብቦ ይህን ቢያረጋግጥ የድምፅ ካርድ ከመግዛት ይድናል።

ስለ ድምፁ ልክም ማስተዋል ያስፈልጋል። በመቅጃው ፕሮግራም ላይ ያለው መለኪያ ጣሪያው 0 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ ያለፈ ድምፅ ሞልቶ እንደሚፈስ ገንቦ ነው፥ የፈሰሰውም አይታፈስም። ስለዚህ በጣም ኀይለኛው የዜማው ክፍል ሲጫወት መለኪያው ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲደርስ አድርጎ ማስተካከል መልካም ነው። ቀስ ብሎ የተቀዳውን በኋላ ማጉላት ይቻላል፤ የተሰነጠቀውን ግን መጠገን አስቸጋሪ ነው።

ሁለቱ መንገዶች ከተዘረጉ በኋላ ሦስት እንቅፋቶች ይመጣሉ። የመጀመሪያው አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁለት ድምፅ መሰማት ነው። ይህ የሚሆነው ሲንተሳይዘሩ ከራሱ ቁልፍ አንድ ጊዜ፥ ከኮምፒዩተሩ ተመልሶ ከሚመጣው ትእዛዝ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ስለሚታዘዝ ነው። መድኀኒቱ በሲንተሳይዘሩ ውስጥ ሎካል ኮንትሮል የሚባለውን መዝጋት ነው፤ ያን ጊዜ ከኮምፒዩተሩ የሚመጣውን ትእዛዝ ብቻ ይሰማል። ሥራው ሲያልቅ መልሶ መክፈትን መርሳት አይገባም፤ አለዚያ በማግሥቱ መሣሪያው ብቻውን ሲከፈት ዝም ይላል።

ሁለተኛው እንቅፋት መዘግየት ነው። ኮምፒዩተሩ ድምፅን የሚቀበለው በጥቂት በጥቂቱ እያጠራቀመ ነው፤ ይህም ማጠራቀሚያ በፈረንጆች አፍ በፈር ይባላል። በሰከንድ 44,100 ሲለካ የ128 ልክ ማጠራቀሚያ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ያዘገያል፤ የ1,024 ልክ ግን 23 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገያል፥ ይህም በተጫዋቹ ጣትና በጆሮው መካከል ይገባና ያደናግረዋል። ስለዚህ በሚቀዱበት ጊዜ ማጠራቀሚያውን ማሳነስ፥ በኋላ ልዩ ልዩውን ድምፅ በሚያዋሕዱበት ጊዜ ግን ኮምፒዩተሩ እንዳይጨነቅ ማስፋት ነው።

ሦስተኛው ጕምጕምታ ነው። ሲንተሳይዘሩና ኮምፒዩተሩ በልዩ ልዩ መንገድ ከመሬት ጋር ሲገናኙ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ቀለበት ይፈጠራል፤ በእርሱም የመብራቱ ኤሌክትሪክ ጕምጕምታ በድምፁ ውስጥ ይገባል። ክቡ የሚዲ መሰኪያ መልእክቱን በውስጡ በብርሃን ስለሚያሻግር ይህን ችግር አያመጣም፤ በዩኤስቢና በድምፁ ገመድ በኩል ግን ይመጣል። ሁለቱንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት፥ የድምፁንም ገመድ ከኤሌክትሪኩ ገመድ አርቆ መዘርጋት ብዙ ጊዜ ያስታግሠዋል። ጕምጕምታውን ለማጥፋት ብሎ የመሬቱን እግር ከመሰኪያው መስበር ግን ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነውና ከቶ አይደረግ።

አሁን ከዋናው ነገር ደረስን። ከትእዛዙና ከድምፁ የትኛውን እንቅዳ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሳችን ሁለቱንም ነው። ትእዛዙ የተቀዳ እንደ ሆነ የተሳሳተ ቁልፍ ይታረማል፤ ፍጥነቱም ድምፁ ሳይቀጥንና ሳይወፍር ይለወጣል፤ ክብደቱም ከምንም አይቈጠርም። ድምፁ ግን ከባድ ነው፤ በ24 ቢት የተቀዳ የግራና የቀኝ ድምፅ በደቂቃ 16 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፥ አንድ ጊዜ ከተቀዳም እንደ ትእዛዙ በቀላሉ አይታረምም። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች ትእዛዙን ብቻ አስቀምጠው ድምፁን ሌላ ቀን እንቀዳዋለን ይላሉ። ያ ሌላ ቀን ግን የማይመጣበት ጊዜ አለ።

በምናውቀው አንድ ቤተ ሰብ ታላቅ ወንድም ለእኅቱ ሠርግ ዜማ ደረሰ። የሲንተሳይዘሩን መዘውሮች ብዙ ሌሊት እያዞረ ከክራርም ከዋሽንትም ያልሆነ፥ ሁለቱን ግን የሚያስታውስ አንድ ድምፅ አወጣ። በሠርጉ ቀን ዜማው ተሰማ፤ የሰማውም ሁሉ ወደደው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ተሸጠ፤ ጥቂት ዓመታትም ቈይቶ ወንድም ታሞ ዐረፈ። ከተዝካሩ በኋላ እናት ያን ዜማ አሰሙኝ ባሉ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተገኘው የትእዛዙ ፋይል ብቻ ነበር። ተከፈተ፤ ቁልፎቹ በየተራቸው ተነኩ፥ ጊዜውም አልተዛነፈም፤ የወጣው ድምፅ ግን በኮምፒዩተሩ ውስጥ የነበረው የፒያኖ ድምፅ ነው። እናት ጥቂት አዳመጡና ልጄ የተጫወተው ይህ አይደለም ብለው ተነሡ። በዚያች ቀን 5 ደቂቃ ድምፅ ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ 80 ሜጋባይት ያህል ብቻ በያዘ ነበር።

ይህ ነገር ለአገራችን ዜማ ይልቁን ይከብዳል። የሲንተሳይዘር ቁልፎች ብዙውን ጊዜ እንደ ፒያኖ በ12 እኩል እርከን የተቃኙ ናቸው፤ የትዝታ፥ የባቲ፥ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ ቅኝት ግን በማሲንቆና በድምፃዊ ጉሮሮ ሲሄድ በእርከኖቹ መካከል ይንሸራተታል። ተጫዋቹ ይህን የሚያደርገው በግራ እጁ ድምፅ የሚያጐብጠውን መንኰራኵር እያዞረ ነው። ሚዲ ይህን መጕበጥ በ16,384 ልክ ከፍሎ ይጽፈዋል፤ ነገር ግን መንኰራኵሩ እስከ መጨረሻ ሲዞር ድምፁ ስንት እርከን እንደሚሄድ የሚወስነው ተቀባዩ መሣሪያ ነው። አንዱ በሁለት ግማሽ እርከን ቢለካው፥ ሌላው በ12 ይለካዋል። ስለዚህ በአንዱ ቤት ለስላሳ የትዝታ እንጕርጕሮ የነበረው ትእዛዝ በሌላው ቤት የሚያስቅ ጩኸት ይሆናል። ድምፁ የተቀዳ እንደ ሆነ ግን መንሸራተቱ እንደ ነበረ ይኖራል።

ድምፅን መቅዳት ምን ያህል እንደሚጠቅም የኃይሉ መርጊያ ሥራ ይመሰክራል። ይህ ከዋልያስ ባንድ ጋር ስሙ የታወቀ የሙዚቃ ሰው በ1985 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሳለ አኮርዲዮኑን ከሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፥ ከሞግና ከያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘር ጋር ብቻውን እየደራረበ ቀዳ፤ ዜማውም በካሴት ወጣ። በ2013 ዓ.ም. ያ ካሴት እንደ ገና ታትሞ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ሰሙት። ከ28 ዓመት በኋላ ወደ ዓለም የተመለሰው የተቀዳው ድምፅ ስለ ነበረ ነው።

እንግዲህ በቤት የሚደረገው ሥራ በዚህ ተራ ይሁን። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገመዶቹን ሁሉ መሰካት፥ ከዚያም መሣሪያዎቹን መክፈት ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት መሥመር ይከፈት፤ አንዱ ለትእዛዙ፥ አንዱ ለድምፁ። ሁለቱም አንድነት ይቀዱ። የተሳሳተው በትእዛዙ ላይ ይታረም፤ የታረመውም ትእዛዝ ወደ ሲንተሳይዘሩ ተመልሶ እንዲጫወት ተደርጎ ድምፁ እንደ ገና ይቀዳ። የፊተኛው ድምፅ ግን አይሰረዝ። መብራት በድንገት ሊጠፋ ስለሚችል ሥራው በየጥቂቱ ይቀመጥ። በመጨረሻም ጸሐፊ መዝገብን እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፥ የዜማው ስም፥ ቀኑ፥ የመሣሪያው ዓይነት፥ የተመረጠው ድምፅ ስምና ቍጥር፥ የመንኰራኵሩም ልክ ተጽፎ ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ፤ ግልባጩም ከኮምፒዩተሩ ውጭ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑር። ዋናውና ግልባጩ በአንድ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጡ ግልባጭ አለ አይባልም።

ለአባቶችና ለእናቶችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ በገመድ መካከል ተቀምጦ ሲያመሽ ጊዜውን እንደሚያባክን አትቍጠሩበት። ጸጥ ያለ ክፍልና የጆሮ ማዳመጫ ስጡት፤ ቤቱም ሌሊት አይታወክም። አያት የሚያንጐራጕሩት የእሽሩሩ ዜማ፥ አክስት በሠርግ የሚያወጡት ግጥም፥ ልጁ በኪቦርድ የሚከተላቸው ሁሉ በዚህ መንገድ ይቀመጣል፤ የሰው ድምፅ በማይክሮፎን በኩል ወደዚያው የድምፅ ካርድ ይገባልና። ያ ዜማ በትእዛዝ ብቻ ተጽፎ ከሆነ ግን ሰዎቹ ካለፉ በኋላ የሚያዜመው የለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሁለቱም መንገዶች ይዘርጉ፤ አያትም ሳይደክማቸው አንድ ጊዜ ያንጐራጕሩ።